ከልጄ ጋር የየሀገሩን ምግብ እየሠራን ነው፤ ደሴ ላይ ምን ምን ይቻላል?

የሆጤው አባት (ደሴ)

ሰላም እንዴት ናችሁ። አሥር ዓመት የሆነው ልጅ አለኝ። ኳስ ከተባለ ሌላ ነገር አይሰማም አያይም። ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ አንድ ሐሳብ አመጣ። እሱ ተጫዋች ይመርጣል፣ እሁድ ከሰዓት የዚያን ተጫዋች ሀገር ምግብ ሁለታችን እንሠራለን። ሳላህ ካለ ግብፅ ነው፣ ሚቶማ ካለ ጃፓን፣ ማኔ ካለ ሴኔጋል፣ ሂሜኔዝ ካለ ሜክሲኮ። እኔ ሻይ ከማፍላትና እንቁላል ከመጥበስ ያለፈ ሙያ የለኝም፤ ግን ልጅ ጠይቆኝ እንዴት እምቢ እላለሁ፣ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ወድጄዋለሁ።

አሁን ግን ተቸግረናል። ቪዲዮው ላይ የሚጠሩት ነገር ሰኞ ገበያን ከዳር ዳር ብታስሰው የለም። ሱፐርማርኬት ያለው ደግሞ ዋጋው አይቀመስም፤ ለአንድ ማንኪያ ብዬ ሙሉ ጠርሙስ ልገዛ አልችልም። ሩዝም መኮሮኒም እሽጉ ላይ በተጻፈው ደቂቃ አይበስልልንም። ውሃ ስንጨምርበት ላዩ ገንፎ ይሆናል፣ ውስጡ ግን ያው ጥሬ ነው።

ልጁ ደግሞ መጀመሪያ ላይ ጉድ ጉድ ይልና ትንሽ ቆይቶ ስልኩን ይዞ ይቀመጣል፤ እኔ ብቻዬን ድስቱ ላይ አፍጥጬ እቀራለሁ። እናቴም አብራን ናት። "ወንድ ለወንድ ጓዳ ገብታችሁ ዕቃዬን ፈጃችሁት" ትላለች፤ ሲቀርብላት ግን ዝም ብላ ትበላለች።

ሌላው ትልቁ ነገር፣ ሽታው ሲወጣ የጎረቤት ልጆች ይመጣሉ። የሙስሊሙም የክርስቲያኑም። እናቴ ረቡዕና ዓርቡን ሁሉ የምትጾም ናት፣ የጾም ወቅት ሲገባ ደግሞ እሁድም ያው ጾም ነው። አንዱ ልጅ ሲበላ ሌላው ቆሞ እንዲያይ አልፈልግም። ወሎ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ነውር ነው፣ መቼም ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ሁሉም አብሮ የሚቆርሰው፣ ገበያችን ላይ የሚገኝ፣ ልጁም እጁን የሚያስገባበት ነገር ንገሩኝ።

እመት ሙጋድ (ደሴ)

አብሽር ወንድሜ፣ ይኼ ቀላል ነው። መጀመሪያ የሩዙን ልንገርህ። ጥፋቱ የአንተ አይደለም፣ የጦሳ ተራራ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ግድም ላይ ነው ያለችው። ከፍ ባልክ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ውሃም በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። ባሕር ዳርቻ ላይ 100 ዲግሪ ሲደርስ የሚፈላው ውሃ እኛ ጋ 92 አካባቢ ላይ ይንተከተካል። እሳት ብትጨምርበት ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። እሽጉ ላይ ያለው ደቂቃ ቆላ ላይ ላለ ሰው የተጻፈ ነው ብለህ እርሳው። ሩዙን ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፈው፣ ውሃውን ትንሽ ከፍ አድርግ፣ ክዳኑን ግጥም አድርገህ እሳቱን ቀንስ፣ ሲበስል ደግሞ ሳትከፍት አሥር ደቂቃ አሳርፈው። ሽንብራና ባቄላ ሌሊቱን ካላደረ አትነካካው። ፕሬዠር ድስት ካለህ ተገላገልክ።

አሁን ምግቡ። ሳላህ ካለ ኮሻሪ ሥሩ። ግብፆች መንገድ ላይ የሚበሉት ነው። ሥጋ የለውም፣ ቅቤ የለውም፣ እንቁላል የለውም። ጾመኛውም ሙስሊሙም እኩል ይበላዋል። ሁሉም ነገር ደግሞ እዚሁ ሱቅ አለ፦ ሩዝ፣ ድፍን ምስር፣ መኮሮኒ፣ ሽንብራ፣ ቲማቲም፣ ሽንኩርት። ምስሩ ድፍኑ ይሁን፣ ክኩ ይሟሟል።

ሽንኩርቱን ቀጭን ቀለበት አድርገህ በብዙ ዘይት ጥቁር ቡኒ እስኪሆን ትጠብሰዋለህ። ወጥ ላይ እንደምናቁላላው ለስላሳ አይደለም፣ ሲነከስ ኳ ማለት አለበት። የተጠበሰበትን ዘይት እንዳትደፋው፣ ጣዕሙ ያለው እዚያ ነው። ሩዙንም ስልሱንም በእሱ ትሠራዋለህ። ምስሩን ለብቻው ግማሽ ያህል ታበስልና ከሩዙ ጋር አንድ ላይ ትጨርሰዋለህ። መኮሮኒው ለብቻ። ስልሱ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ከሙን፣ ድንብላል፣ መጨረሻ ላይ ጠብ የምትል አቼቶ። ሲቀርብ ሩዝና ምስሩ ታች፣ መኮሮኒ ላዩ፣ ስልስ፣ ሽንብራ፣ ጫፉ ላይ ሽንኩርቱ። ለብቻው ነጭ ሽንኩርት በአቼቶና በውሃ በጥብጠህ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጥ፣ የፈለገ ያፈስበታል።

ልጁ ስልክ የሚያነሳው ሥራ ስለሌለው ነው። "ያንን አቀብለኝ፣ ይኼን ያዝ" እየተባለ ማን ይቆያል? እኔ ሴት ልጄን አሰልጣኝ ነው ያደረግኳት። ከመጀመራችን በፊት ወረቀት ላይ አሰላለፍ ታወጣለች፣ ማን ምን እንደሚሠራ፣ የቱ ቀድሞ እሳት ላይ እንደሚወጣ። ከዚያ የምትለውን እፈጽማለሁ። የፈላ ዘይት ብቻ የእኔ ነው፣ እሱ ላይ ድርድር የለም። ምስር መልቀም፣ ሩዝ ውሃው ነጭ መሆኑን እስኪያቆም ማጠብ፣ ስልሱን ቀምሶ ጨው መወሰን፣ ሳህን ላይ መደርደር የእሷ ነው። ጨው ስታበዛም አፌን ይዤ እበላለሁ። ለሚቀጥለው ታስተካክለዋለች።

የጥንቷ ቤሩት (ኮምቦልቻ)

ኮሻሪው ጥሩ ነው። እኔ ደግሞ መቅሉባን፣ ድስቱ ትሪ ላይ ተገልብጦ የሚቀርበውን ሩዝ፣ ልጨምር።

ቤሩት ሰው ቤት ስሠራ ዓመታት አሳልፌአለሁ። መቅሉባ የተማርኩት እዚያ ነው። ለሰው ልጆች ስንት ጊዜ እንደገለበጥኩላቸው አላህ ነው የሚያውቀው። አሁን ተመልሼ ከራሴ ልጅ ጋር እሠራዋለሁ፣ ያኔ ደግሞ አራት ዓመቱ ነበር ጥዬው ስሄድ። ይኼን የምነግራችሁ ለማስተዛዘን አይደለም፤ ኮምቦልቻና ደሴ ውስጥ ከዓረብ ሀገር የተመለሰች ሴት የሌለችበት ሰፈር የለምና ቪዲዮ ከመፈለጋችሁ በፊት ጎረቤታችሁን ጠይቁ። ከእኔ የባሰች ባለሙያ አጠገባችሁ ትኖራለች፣ የሚጠይቃት ሰው ስለሌለ ነው ዝም ያለችው።

መቅሉባ ፍልስጤምም ዮርዳኖስም ሶርያም ሊባኖስም ይበላል። በዶሮ ወይም በበግ ይሠራል፣ ያለ ሥጋም ይሆናል፣ ለእናንተ ያለ ሥጋው ነው የሚሻለው። ደበርጃን ቁረጡና ጨው ነስንሳችሁ ውሃውን ይትፋ፣ ከዚያ ጥበሱት። ድንችና አበባ ጎመንም እንደዚያው ጥበሱ። ደበርጃን ካጣችሁ ድንችና ካሮት ይበቃል። ድስቱ ግርጌ ላይ ቲማቲም በክብ በክብ ደርድሩ፣ ከዚያ የተጠበሰውን አትክልት፣ ከላይ የተዘፈዘፈ ሩዝ። እርድ፣ ቀረፋ፣ ቁንዶ በርበሬና ጨው ያለበት የፈላ ውሃ ሩዙን ጣት ያህል አልፎት እስኪሸፍን። በዝግታ። አታማስሉት። ማማሰያ ከገባበት አለቀለት።

ሲበስል ከእሳት አውርዱና ሩብ ሰዓት ተዉት። እዚህ ላይ ነው ልጆች የማይታገሡት። ከዚያ ሰፊ ትሪ ድስቱ አፍ ላይ ደፍታችሁ፣ በሁለት ጨርቅ ይዛችሁ፣ በስመላ ብላችሁ አንዴ ግልብጥ። ድስቱን ወዲያው አታንሱት፣ ቂጡን በማንኪያ መታ መታ አድርጉና ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ቲማቲሙ ከላይ ሆኖ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የእኔ ልጅ ይኼን ቅጽበት ለመቅረጽ ብቻ ነው ስልክ የሚነካው። ከባድ ስለሆነና ስለሚያቃጥል የሚገለብጠው ትልቅ ሰው ይሁን፣ ልጁ ትሪውን ቢመታ ይበቃዋል።

ለኳሱ ደግሞ ዮርዳኖስ በሉት። ልጄ እንደነገረኝ 2024 መጀመሪያ ላይ በተደረገው የእስያ ዋንጫ ፍጻሜ ደርሰው በኳታር 3 ለ 1 ነው የተሸነፉት። አል ተዕማሪ የሚባል ተጫዋች አላቸው፣ እኔ አላውቀውም እሱ ያውቀዋል።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። የሙስሊም ልጅ ሲመጣ ሥጋ አለመኖሩ ብቻ አይበቃም የሚሉ እናቶች አሉ፣ ድስቱም ያሳስባቸዋል። እናትየዋን አንዴ ጠይቃት፣ አትቀየምም። ለእንዲህ ያለው ቀን አንድ ድስት ለይቶ ማስቀመጥም ትልቅ ወጪ አይደለም። ሠርግ ላይ ለሁለቱም ወገን ለየብቻ ስንደግስ የኖርን ሰዎች ነን።

የቦሩ ሜዳው

ሁላችሁም ጃፓንና ግብፅ ትላላችሁ። ልጁ አነባበሮ ሲጋገር አይቷል? ሽሮ ማማሰል ይችላል? የማሽላ እንጀራ ከጤፍ በምን እንደሚለይ ያውቃል? የራሱን ሳያውቅ የሰው ሀገር መቅሉባ ምናምን ምን ያደርግለታል። ለነገሩ ዘይቱን በምን ብር ነው የምትገዙት? ሽንኩርት በብዙ ዘይት ጥበስ ማለት ዛሬ ላይ ቀልድ ነው።

የግብርና ተማሪ (ወልድያ)

ጋሼ የዘይቱን ነገር ልክ ነዎት፣ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። ግን የራሳችን የሚሉት ወጥ ውስጥ ያለው በርበሬ ራሱ እንግዳ ነው እኮ። በርበሬ፣ ቲማቲም፣ ድንች፣ በቆሎ፣ ሁሉም የመጡት ከአሜሪካ አህጉር ነው። ኮሎምቦስ በአውሮፓ አቆጣጠር 1492 ከመድረሱ በፊት ከዚያ ውጪ የሚያውቃቸው አልነበረም። ቅድመ አያቶቻችን ከመርከብና ከነጋዴ ተቀብለው የራሳቸው አድርገውታል። ጣሊያኖችም ቲማቲም የለመዱት ከዚያ ወዲህ ነው። ልጁ አነባበሮ ይልመድ፣ አዎ ይልመድ። ግን አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

እንዲያውም ሁለቱን የሚያገናኝ አለ። ዶሳ። ሕንድ በኳስ ባትታወቅም ልጁን አንድ እሁድ ለምኑልኝ። የደቡብ ሕንድ ምግብ ነው፣ እንደ እንጀራ የሚቦካ። ሦስት ኩባያ ሩዝና አንድ ኩባያ ምስር ክክ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ አብሽ ጨምራችሁ አምስት ስድስት ሰዓት ዘፍዝፉ። እነሱ ኡራድ የሚባል ክክ ነው የሚጠቀሙት፣ እኛ ጋ የለም፣ በቀይ ምስር ክክም ይሠራል። አብሹ የእኔ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ፣ እነሱም ይጨምሩበታል። በጁስ መፍጫ ከጥቂት ውሃ ጋር አልማችሁ ፍጩትና ያድር። ደሴ ብርድ ስለሆነ አንድ ሌሊት ላይበቃው ይችላል፣ በጋቢ ጠቅልላችሁ ምድጃ አጠገብ አስቀምጡት። ኩፍ ሲል ጨው ጨምሩ።

ሲጋገር ምጣዱ ወይም መጥበሻው በጣም ከጋለ ሊጡ ይጓጉላል፣ አይዘረጋም። ውሃ ረጭታችሁ በጨርቅ ጥረጉት፣ ከዚያ አፍስሱ። አንድ ጭልፋ መሀል ላይ ትደፋና በጭልፋው ቂጥ እያዞርክ ወደ ዳር ትገፋዋለህ። ከዚያ ዳር ዳሩን ጠብ ጠብ የሚል ዘይት። ውስጡ የሚገባው ድንች ነው፦ የተቀቀለ ድንች፣ ሽንኩርት፣ እርድ፣ ቃሪያ፣ ዘይት ላይ ተንጣጥቶ የሚፈነዳ ሰናፍጭ። ሰናፍጩን ሲጨምሩ ክዳን ይያዙ፣ ዓይን ላይ ይዘላል።

ቃሪያ የሚከትፈው ልጁ ከሆነ ደግሞ እጁን መጀመሪያ ዘይት ቀብቶ ያሸው፣ ከዚያ በሳሙና ይታጠብ። የሚያቃጥለው ነገር በዘይት ነው የሚሟሟው፣ በውሃ ብቻ አይለቅም።

ዳቦ ጋጋሪው (ደሴ)

የጣሊያን ነገር ሳትነሳ ቀረች። ፒዛ ማሪናራ ሥሩ። ቺዝ የለበትም፣ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ብቻ ነው፣ ማለትም የለየለት ጾም። ኔፕልስ ላይ ጥንትም ያለ ነው። በኦሬጋኖ ፋንታ ጦስኝ አድርጉ፣ ተራራችን ሞልቶታል፣ በእኔ ምላስ እንዲያውም ይበልጣል።

ሁለት ነገር ልንገራችሁ። አንደኛ፣ ከፍታ ላይ ሊጥ ቶሎ ኩፍ ይላል፣ አየሩ ስለሳሳ ውስጡ ያለው ጋዝ በቀላሉ ይነፋዋል። ቪዲዮው ላይ ከሚሉት እርሾ ሩቡን ቀንሱ፣ ውሃውን ጠብ አድርጉ። ሁለተኛ፣ እነሱ ምድጃቸው ከ400 ዲግሪ በላይ ነው፣ አንድ ደቂቃ ተኩል ሳይሞላ ይወጣል። እናንተ ያንን አታገኙም። ምጣድ ላይ አክንባሎ ደፍታችሁ አንዱን ፊት ለብ ለብ አድርጉ፣ ገልብጡ፣ የበሰለው ፊት ላይ ቲማቲሙን ቀቡና እንደገና ክደኑ። ያምራል።

ቺዝ የምትሉ ከሆነ በአይብ አትሞክሩት። የእኛ አይብ በእሳት አይቀልጥም። ይደርቃል እንጂ ክር አይሠራም።

የሆጤው አባት (ደሴ)

ኧረ እናንተ ሰዎች ኑሩልኝ። ኮሻሪውን ሠርተናል። አሰላለፉን ልጁ በደብተር አውጥቶ ግድግዳ ላይ ለጥፎታል፣ እኔን ተቀያሪ ወንበር ላይ አስቀምጦ ለሽንኩርቱ ብቻ ነው ያስገባኝ። የጎረቤት ልጆች ድስቱን ጠርገውት ሄዱ። ለጋሼም፣ ዘይቱ ያልነው ያህል አልፈጀም፣ የተረፈውን ለሩዙ አድርገነዋል።

ዶሳውንም ሞከርን። እናቴ ሊጡ ኩፍ ብሎ ስታይ "ይኼማ የእኔ ሥራ ነው" ብላ ምጣዱን ነጠቀችን። እንደ እንጀራ ከዳር ጀምራ እያዞረች ወደ መሀል አፈሰሰችው። ወፍራም ሆነ፣ ዓይን የለው፣ ተጣብቆ ተነሳ። ልጁ ታዲያ ጭልፋውን ተቀበላትና መሀል ላይ ደፍቶ በጭልፋው ቂጥ እየገፋ ወደ ውጭ አወጣው። ሲደርቅ ጠርዙ ራሱ ከምጣዱ ለቀቀ፣ ሰፌድ ላይ ሲወርድ ብርሃን ያሳልፋል። ዝም ብላ አየችው። "ከመሀል ነው እንዴ የሚጀመር?" አለች። ቀጥሎ ያለውን ራሷ ጋገረች፣ እኛን ድንቹ ላይ መደበችን።

አሁን የሜክሲኮ ተራ ነው። ቶርቲያ በበቆሎ ዱቄት ሞከርን፣ ሊጡ አይያያዝም፣ ሲጠቀለል ይሰነጠቃል። ወፍጮ ቤት ያስፈጨነው ነው፣ ድጋሚ ማስፈጨት አለብን? ጃፓንም ይቀረናል። ሱሺ አልፈልግም፣ ጥሬ ዓሣ ልጅ አላበላም።

የግብርና ተማሪ (ወልድያ)

አስር ጊዜ ብታስፈጨው አይያያዝም። ሜክሲኮዎች ዝም ብለው ደረቅ በቆሎ አይፈጩም። በቆሎውን ኖራ ባለበት ውሃ ይቀቅሉትና እዚያው ውስጥ ያሳድሩታል፣ ቆዳው ሲለቅ አጥበው እርጥቡን ይፈጩታል። ሊጡን የሚያያይዘው ያ ሥራ ነው። ለጤናም ትልቅ ነገር አለው፣ በቆሎ ውስጥ ያለውን ኒያሲን የሚባል ቪታሚን ለሰውነት ይለቀዋል። በቆሎ አውሮፓ ሲገባ ዘሩን ወሰዱ፣ ኖራውን ግን ተዉት። በቆሎ ብቻ የሚበላው የሰሜን ጣሊያን ድሃ ገበሬ ፔላግራ በሚባል በሽታ አለቀ።

ግን እባክህ የግንባታ ኖራ ገዝተህ እንዳትሞክር! ለምግብ የሚሆነው ሌላ ነው። ቀላሉ መንገድ፣ ሰሜን ሜክሲኮ ላይ ቶርቲያ በፉርኖ ዱቄት ነው የሚሠራው። ዱቄት፣ ጨው፣ ዘይት፣ ለብ ያለ ውሃ። አሽተህ ግማሽ ሰዓት አሳርፈህ በጠርሙስ ዳምጠው፣ ደረቅ ምጣድ ላይ ጣለው። ውስጡ ቦሎቄ፣ አቮካዶ፣ ቲማቲም፣ ሎሚ። አለቀ። የሂሜኔዝ ሀገር ብለህ በኩራት አቅርብ።

ለጃፓን ኦኒጊሪ ሥሩ፣ የሩዝ ድቡልቡል ነው። አቼቶም ስኳርም አይገባበትም። ባስማቲ አትግዛ፣ ይበታተናል። የፎገራ ሩዝ ሲበስል ስለሚያያዝ ይሻላል። ሩዙ እጅ የማያቃጥል ሲሆን ልጁ እጁን በጨው ውሃ አርሶ ሦስት ማዕዘን አድርጎ ይጫነው። ላዩን የተቆላ ሰሊጥ ከጨው ጋር ወቅጣችሁ አልብሱት። ሰሊጥና ጨው የፈጠራ መተኪያ አይደለም፣ እነሱም ሩዝ ላይ ይነሰንሱታል። ጥቁሩ የባሕር ቅጠል ባይኖርም ቅር አይበልህ። ሙቀጫውን ለልጁ ስጠው፣ ሰሊጥ መውቀጥ ደስ የሚል ሥራ ነው።

ሐይቅ ዳር

ሴኔጋል ስትደርሱ እኛ ጋ ኑ። ከደሴ ግማሽ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። ቆሮሶ ትኩሱን ከአሥጋሪዎች ትገዛላችሁ። የሴኔጋሉ ቼቡ ጄን ዓሣና ሩዝ ነው፣ ዩኔስኮም 2021 ላይ መዝግቦታል። ዓሣውን በነጭ ሽንኩርት፣ በቃሪያና በፐርስሜሎ ሰንጥቆ መሙላት፣ መጥበስ፣ ከዚያ በዚያው ዘይት ቲማቲም ድልህ ማቁላላት፣ ውሃ ጨምሮ ካሮት፣ ጥቅል ጎመን፣ ደበርጃን ከዓሣው ጋር መቀቀል። አትክልቱና ዓሣው ይወጣና ሩዙ በመረቁ ይበስላል። ሁሉም ከአንድ ትሪ ይበላል፣ እሱን እንኳ ለወሎ ልጅ ማስተማር አያስፈልግም።

ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን እዚህ አንክፈተው፣ ሌሊቱ አይበቃንም። ለእናትህ ጾም ሲሆን አትክልቱንና ሩዙን ለብቻ ሥራላቸው። አጥንት መልቀም ደግሞ የአንተ ነው፣ ለልጅ አይሰጥም።

እመት ሙጋድ (ደሴ)

የኮሪያውን ማንም አላነሳ፣ በአጭሩ ልበል። ኪምቺ ለደሴ ብርድ የተፈጠረ ነው። ቻይናው ጎመን ባይኖርም በጥቅል ጎመን ይሆናል። ለአንድ ኪሎ ጎመን 20 ግራም ጨው፣ ሚጥሚጣ ሳይሆን ለዘብ ያለ ቀይ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል። ልጁ በእጁ እያሸ ውሃውን ያስወጣው፣ ጠርሙስ ውስጥ ጠቅጥቆ ጎመኑ ከራሱ ውሃ በታች ይዋል። አየር የነካው ይሻግታል። በየቀኑ ክዳኑን ከፈት አድርጎ ጋዙን ያስወጣ። የቃኘው ሻለቃ ዘማቾች በ1943 ዓ.ም. ኮሪያ የዘመቱትን ለልጁ እግረ መንገድህን ብትነግረው፣ ከኮሪያው ኳስ ተጫዋች ከሶን ሌላ የሚያወራው ይኖረዋል።

የቦሩ ሜዳው

የልጅ ልጆቼ ይኼን ጉድ አነበቡና እሁድ ይመጣሉ አሉ። ስድስት ነን። ለኮሻሪው ምን ያህል ምን ያህል ነው? ዘይቱን ቆጥባችሁ ንገሩኝ።

እመት ሙጋድ (ደሴ)

እሰይ ጋሼ! ሩዝ ሁለት ኩባያ፣ ድፍን ምስር አንድ ኩባያ፣ መኮሮኒ ግማሽ እሽግ፣ ሽንብራ አንድ ኩባያ ቅዳሜ ማታ ይዘፍዘፍ። ቲማቲም አንድ ኪሎ፣ ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት አራት። ዘይቱን ለመቆጠብ ሽንኩርቱን ትንሽ ዱቄት አልብሰው አራግፉት፣ በጠባብ ድስት ከፋፍለው ይጥበሱ፣ አንድ ኩባያ ዘይት ከበቂ በላይ ነው። ወርቅማ ሲሆን ያውጡት፣ ከወጣ በኋላም መጥቆሩን ይቀጥላል። ልጆቹን ምስሩን ያስለቅሟቸው፣ ጠጠር አይጠፋውም።